ቸርኬህን ከ16 ወደ 17 ወይም 18 ስታሳድግ ስንት ቁጥር ጎማ ትግዛ?

በሳምንት ሁለት ሦስቴ አንድ ዓይነት ፎቶ ይላክልኛል። ያማረ 17 ወይም 18 ቸርኬ፣ ከሥሩ ደግሞ «ስንት ጎማ ልግዛለት?» የሚል ጥያቄ። በአንድ ቁጥር የሚመለስ ነገር አይደለም። መኪናው ከፋብሪካ ምን አድርጎ ወጣ? የቸርኬው ወርድ ስንት ነው? ምን ያህል ሰውና ዕቃ ትጭናለህ? እነዚህን መልሼ ስጠይቅ አብዛኛው ሰው ዝም ይላል። ስለዚህ አንዴ ጽፌዋለሁ፤ ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ የምልከው ይህንን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ከያዝክ ሌላው ይከተላል። ቸርኬው ባደገ ቁጥር የጎማው ጎን ያጥራል፣ ጎማው ከመሬት እስከ ላይኛው ጫፍ ያለው ቁመት ግን እንደ ድሮው ይቆያል። የፍጥነት መለኪያው፣ ማርሹና ፍሬኑ ሁሉ የተሰሉት በዚያ ቁመት ነው።

ለምሳሌ የምወስደው 205/55 አር 16 ነው። በቢኤምደብሊው 3፣ በሲቪክ፣ በኤላንትራና በኮሮላ ላይ በብዛት ይገኛል። ያንተ ሌላ ከሆነ አብሽር፣ ስሌቱ ያው ነው።

የሚያስፈልጉህ ነገሮች

- የብረት ሜትርና ቀጥ ያለ ጣውላ
- ክሪክ፣ የዳዶ ቁልፍ፣ ጎማ ሥር የሚገባ ድንጋይ
- ቶርክ ቁልፍ፣ ማለትም ዳዶው ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካ ቁልፍ (ከሌለህ ካለው ሰው ተዋስ)
- ጠንከር ያለ ሊጥ፣ እፍኝ የማይሞላ
- ጠመኔ
- የራስህ የአየር መለኪያ
- ስልክህ፣ ለካልኩሌተርም ለፎቶም
- ሜዳ ቦታ። ደሴ ላይ ይህኛው ከሁሉም ይከብዳል።

1. መኪናው መጀመሪያ የነበረውን ቁጥር አግኝ

የሾፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሳ። አንዳንድ መኪና ላይ የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ ነው። አሁን የተገጠመውን ጎማ አይተህ አትነሳ፤ ያንተ መኪና በሁለት ሦስት ሰው እጅ አልፎ ከሆነ፣ ያለው ጎማ ትክክለኛው ላይሆን ይችላል። በተሳሳተ ቁጥር ላይ ተነስተህ ብታሳድግ ስህተቱን እጥፍ ታደርገዋለህ።

ወረቀቱ ላይ 205/55 አር 16 91 ቪ ቢል፣ 205 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው። 55 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 16 የቸርኬው ስፋት በኢንች፣ 91 የሚሸከመው ክብደት ኮድ፣ ቪ የፍጥነት ገደቡ ነው። አየሩም እዚያው ተጽፏል፤ አብረህ ያዘው።

2. ቁመቱን አስላ

ወርዱን በመቶኛው አባዛ፣ ለሁለት እጥፍ አድርገው፣ ከዚያ የቸርኬውን ኢንች በ25.4 አባዝተህ ደምርበት። ለ205/55 አር 16 እንዲህ ይሆናል። 205 ሲባዛ በ0.55፣ 112.75 ነው። ሁለት ጊዜ 225.5። 16 በ25.4፣ 406.4። ድምሩ 631.9 ሚሊሜትር።

አሁን አማራጮቹን በዚሁ መንገድ አስላ።

- 225/45 አር 17፦ 634.3፣ ልዩነቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም
- 215/45 አር 17፦ 625.3፣ 1 በመቶ ያጥራል
- 225/40 አር 18፦ 637.2፣ 1 በመቶ የማይሞላ ይረዝማል
- 205/55 አር 17፦ 657.3፣ 4 በመቶ ይረዝማል

ከ3 በመቶ በላይ ከሆነ ተወው። የመጨረሻውን ሆን ብዬ ነው የጨመርኩት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ያው 55 ነው የነበረኝ» ብሎ የሚገዛው እሱን ነው። መለኪያህ 80 ሲል አንተ 83 እየሄድክ ነው። ማርሹም እንደመረዘም ስለሚሆንበት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ በሦስተኛ ይወጣ የነበረ መኪና ሁለተኛ ይለምንሃል። ጎማው ፓራፋንጎውን መንካቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

3. የቸርኬውን አራት ቁጥሮች አጣራ

ጎማ የሚመረጠው ለቸርኬው ስለሆነ ቸርኬው ራሱ ለመኪናው መሆኑን ሳታረጋግጥ ጎማ አትግዛ። አብዛኛው ቁጥር ከቸርኬው ጀርባ ተቀርጿል፤ ጭቃውን በብሩሽ አራግፈህ አንብበው።

ቀዳዳዎቹ። 5 በ114.3 ማለት አምስት ቀዳዳ 114.3 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ካልተጻፈ ራስህ ለካ። ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ጎረቤቱ መሃል 67 ሚሊሜትር ከሆነ 114.3 ነው። 70.5 ከሆነ 120፣ 59 ገደማ ከሆነ 100።

ተጠንቀቅ፦ 112 እና 114.3 በዓይን አይለዩም። የ112ቱን ቸርኬ ለ114.3 መኪና እየገፉ የሚያስገቡ አሉ። ዳዶው የታሰረ ይመስላል እንጂ መቀመጫው ላይ በትክክል አልተቀመጠም፤ ቡሎኑም ተጣሞ ነው የተወጠረው። ቁልቁለት ላይ ደጋግመህ ፍሬን ስትይዝ መላላት ይጀምራል።

የመሃል ቀዳዳ። ቸርኬው የሚቀመጠው በመሃሉ ቀዳዳ ነው፣ ቡሎኑ አጥብቆ ይይዘዋል እንጂ መሃል አያደርገውም። የኤላንትራ 67.1 ሚሊሜትር ነው፣ የሲቪክ 64.1፣ 5 በ114.3 ቀዳዳ ያለው ኮሮላ 60.1። ስለዚህ የኤላንትራ ቸርኬ ኮሮላ ላይ ይገባል፣ ግን ይላላል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካላደረግክበት መሪህ 80 እና 90 ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ አንተም ባላንስ እያስደረግክ ብር ትጨርሳለህ። በተቃራኒው የኮሮላው ቸርኬ ኤላንትራ ላይ ጭራሽ አይገባም። «ቀዳዳውን ትንሽ ብቻ ላስፋው» ቢሉህ ቸርኬህን ይዘህ ውጣ።

ወርድ። 7 ጄ፣ 7.5 ጄ፣ 8 ጄ ይላል፣ በኢንች ነው።

ኦፍሴት። ኢቲ 45፣ ኢቲ 40 እየተባለ የተጻፈው ነው፤ ቸርኬው መኪናው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከወርዱ መሃል ስንት ሚሊሜትር እንደሚርቅ ይናገራል። ቁጥሩ ሲቀንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲጨምር ወደ ውስጥ ይገባል። ድሮ 7 ጄ ኢቲ 45 ከነበረህና አሁን 8 ጄ ኢቲ 40 ብትገዛ፣ ወርዱ በ25.4 ሚሊሜትር አድጓል፣ ግማሹ 12.7 በየጎኑ ይሄዳል። በዚያ ላይ 5 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል። ስለዚህ በውጭ በኩል 17.7፣ በውስጥ በኩል 7.7 ሚሊሜትር ጨምረሃል። አሁን ሜትርህን ይዘህ መኪናው ሥር ተንበርከክና ያ ቦታ መኖሩን እይ። በውስጥ በኩል የሚያገኘው አሞርዛተሩን ነው፣ በውጭ በኩል ፓራፋንጎውን። ኩሽኔታም በጣም ወደ ውጭ የወጣ ጎማ ቶሎ ይበላዋል።

4. ጎማውን ለቸርኬው ወርድ አመሳስል

- 205/55 አር 16፦ ከ5.5 እስከ 7.5 ጄ
- 225/45 አር 17፦ ከ7 እስከ 8.5 ጄ
- 225/40 አር 18፦ ከ7.5 እስከ 9 ጄ

ጠባብ ጎማ በሰፊ ቸርኬ ላይ ተወጥሮ ሲታይ የሚያምራቸው ሰዎች አሉ። የቸርኬው ከንፈር ከጎማው ውጭ ስለሚቀር ግን የመጀመሪያው የኮብልስቶን ጠርዝ ነው የሚበላው። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲሆን ደግሞ ኩርባ ላይ ጎኑ ይንሸዋረራል፤ መኪናው መሪውን ዘግይቶ ይሰማል።

5. 17 ወይስ 18?

እዚህ ላይ የእኔን ልንገርህ። የጎን ቁመት ማለት በቸርኬህና በጉድጓዱ መካከል ያለው ትራስ ነው። በ205/55 አር 16 ትራስህ 113 ሚሊሜትር ነው፣ በ225/45 አር 17 101፣ በ225/40 አር 18 90። ከ16 ወደ 18 ስትሄድ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አጣህ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ምንም አይመስልም።

እኔ 18 አድርጌ ነበር። ክረምት ላይ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ፤ ጥልቀቱ አይታይም፣ ፍጥነቴም ብዙ አልነበረም። የፊት ቀኝ ቸርኬ ከውስጥ በኩል ተጣመመ፣ የጎማው ጎንም እንቁላል አክሎ አበጠ። እንዲህ ያለ እብጠት አይለጠፍም። ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው፣ ጎማው ይጣላል። ሲያምር የከረመው ነገር በአንድ ቀን የሁለት ነገር ዋጋ አስከፈለኝ።

ስለዚህ ኑሮህ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ከሆነ፣ ማለትም ኮብልስቶን፣ ጠርዙ የተበላ አስፋልት፣ ሐረጎ ላይ በክረምት ከገደሉ የሚንከባለል ድንጋይ የየቀኑ ከሆነ፣ 17 ላይ ቁም። ከዋናው መንገድ ወጥተህ ወደ ገጠር በኮረኮንች የምትመላለስ ከሆነማ 16ቱን አትንካው። 18 የሚሆነው አብዛኛው መንገድህ ጥሩ አስፋልት ከሆነና ጉድጓድ አይተህ የምትዞር ሰው ከሆንክ ነው።

6. የሚሸከመውን ክብደት አትርሳ

ይህ ከሁሉም የሚዘለለው ነው። 91 ማለት አንድ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል። 225/40 አር 18 በሁለት ዓይነት ይመጣል፦ አንዱ 88፣ ሌላው 92 ኤክስኤል (ተጨማሪ ክብደት እንዲሸከም የተጠናከረ)። 88 ማለት 560 ኪሎ ነው። በአንድ ጎማ 55 ኪሎ አነሰ፣ በአራቱ 220። ጎማው ሰፋ ስላለ የሚጠነክር ይመስላል፣ ግን ከፋብሪካው ጎማ ያነሰ ነው የሚሸከመው። ከኋላ ሦስት ሰው አስቀምጠህ፣ ሻንጣው ውስጥ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጭነህ ከወልዲያ ስትመጣ ልዩነቱን የሚከፍለው ጎማው ነው።

ሕጉ ቀላል ነው፦ የክብደት ኮዱ ከበሩ ወረቀት እኩል ወይም በላይ ይሁን። በ17 ላይ 225/45 ከ91 ጀምሮ ታገኛለህ፣ 94 ኤክስኤል ደግሞ 670 ኪሎ ይሸከማል። የፍጥነት ፊደሉንም አታውርድ። ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብሊው 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። «እኔ 210 አልነዳም» ትለኝ ይሆናል፤ ፊደሉ ግን ጎማው ሙቀት የመቋቋም አቅሙንም ይናገራል፣ ቁልቁለት ላይ ያ ነው የሚያስፈልግህ።

7. የተመረተበትን ጊዜ አንብብ

ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2319 ቢል በፈረንጆች 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው፣ በእኛ 2011 መገባደጃ ላይ። አራት አሃዙ ያለው በአንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሌላኛውንም ጎን እይ። ጥርሱ ያልተነካ ጎማ መጋዘን ውስጥም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጎኑ ላይ ፀጉር መሳይ ስንጥቅ ያወጣል። ከአምስት ዓመት ያለፈ «አዲስ» ጎማ ዋጋው ቢረክስም አልገዛም።

ብር ከመክፈልህ በፊት፣ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ያገለገለ ቸርኬ ሳያሽከረክሩ መግዛት። ጎሚስታው ባላንስ ማሽን ላይ ይጫነውና ይዙር። ሲወዛወዝ ካየኸው ተጣሟል። ከኋላው በኩል የብየዳ ምልክት ካለው አትንካው፤ የተበየደ አሉሚኒየም እንደገና ሲሰነጠቅ አያስጠነቅቅም።
- ፊትና ኋላ የተለያየ ቁመት ማድረግ። ኤቢኤሱ (ፍሬን ስትይዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) አንዱ ጎማ ከሌላው ፈጥኖ ሲዞር የሚንሸራተት መስሎት ይደናገራል። በአራቱም እግሩ የሚነዳ ሴዳን ከሆነ አራቱም አንድ ቁጥር፣ አንድ ዓይነት፣ የጥርሳቸው ጥልቀትም የተቀራረበ መሆን አለበት፣ አለዚያ ዲፈረንሻሉን ታቃጥላለህ።
- ቸርኬው ወደ ውስጥ ስለገባ ከጀርባው ስፔሰር (ወደ ውጭ የሚገፋው የብረት ዲስክ) ደርድሮ ማውጣት። ትክክለኛ ኦፍሴት ያለው ቸርኬ ፈልግ።
- «ትንሽ ቢነካ ፓራፋንጎውን እንመታዋለን» ማለት። መሪ ስታዞር የሚነካውን ነገር መዶሻ አይፈታውም።

8. ጎማ ሳይገባበት ባዶውን ቸርኬ ሞክር

ሻጩን አስቀድመህ ተስማማ፦ ካልገባ እመልሳለሁ በል። ጎማ ከተገጠመበትና ከተቧጨረ በኋላ ማንም አይመልስልህም።

ሜዳ ቦታ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ከሌላው ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ። ከፊት አንዱን ጎማ ፍታ። ሊጡን አድቦልቡለህ ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን የያዘው ክፍል) ላይ ቸርኬው ሊነካው በሚችልበት ቦታ ለጥፍ። ባዶውን ቸርኬ ግጠም፣ በእጅህ ቀስ ብለህ አንድ ዙር አዙር፣ ከዚያ አውጣ። ሊጡ ተደፍጥጦ የቀረው ውፍረት ያለህ ክፍተት ነው። ከ3 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ያ ቸርኬ ላንተ አይደለም፤ ፍሬኑ ሲግል፣ ጠጠር ሲገባ፣ መፋጨቱ አይቀርም።

ጣውላውን በቸርኬው ጀርባ ጠርዝ ላይ አጋድመህ ከአሞርዛተሩ ጋር ያለውንም ርቀት ለካ። ጎማው ሲገባበት ከቸርኬው ትንሽ ወጣ ስለሚል፣ በመጨረሻ ጣትህ በነፃ ማለፍ አለበት።

9. ግጠምና እሰር

የዳዶው አፍ ከቸርኬው መቀመጫ ጋር መግጠም አለበት። ሾጣጣ አለ፣ ክብ አለ፣ ጠፍጣፋ ቀለበት ያለው አለ። የሆንዳ የፋብሪካ ዳዶ ክብ ነው፣ ከውጭ የሚገዛው ቸርኬ አብዛኛው ሾጣጣ ይፈልጋል፤ ደባልቀህ ካሰርክ የሚነካው ጠርዙ ብቻ ነው። መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገባ። ቡሎኑ 12 ሚሊሜትር ከሆነ ቢያንስ 8 ዙር መግባት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ጥርሱ አይበቃም። ዘይት አትቀባው፣ ከልክ በላይ እንድታጠብቀው ያደርግሃል።

በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን እየዘለልክ አጥብቅ። ለብዙ ሴዳኖች ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ነው፤ የመኪናህ መጽሐፍ ካለህ እሱን ስማ። በአየር መፍቻ እስኪጮህ የሚያጠብቀውን ልጅ አመስግነህ አስቁመው፣ የመጨረሻውን አንተ በቶርክ ቁልፍ ጨርስ።

10. አየር፣ ጠዋት ላይ

ጎማ ሳይሞቅ ነው የሚለካው። ከበሩ ወረቀት ጀምር። ኤክስኤል ከገዛህ ከ2 እስከ 3 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ጨምርበት፤ እንዲህ ያለ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ትንሽ ተጨማሪ አየር ይፈልጋል። ከዚያ ጥርሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ መስመር አስምር፣ ቀጥ ባለ መንገድ ትንሽ ንዳ። መሃሉ ብቻ ከጠፋ አየሩ በዝቷል፣ ዳርና ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል።

የእኛ አገር ልዩ ችግር እዚህ ጋ አለ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ወደ ባቲ ከቀጠልክ ደግሞ ጭራሽ ቆላ ነው። ሙቀቱ በየ5 እና 6 ዲግሪ ሲጨምር አየሩ 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፣ ፍሬኑም ያግለዋል። እዚያ ለክተህ «በዝቷል» ብለህ ካስተነፈስክ፣ ማታ ደሴ ብርድ ውስጥ ስትገባ ጎማህ አንሶ ታገኘዋለህ። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ በአነሰ አየር ጉድጓድ ሲያገኘው ደግሞ ቸርኬው በቀጥታ ይመታል። ቆላ ላይ አታስተንፍስ።

11. ሞልተህ ሞክር

ባዶ መኪና አይነካም፣ ችግሩ ሲሞላ ነው። አምስት ሰው አስገባ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙረህ በዝግታ ንዳ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይም አግድም ውጣ። ከዚያ በባትሪ የፓራፋንጎውን ውስጥ እይ፤ የተፋጨ ቦታ ካለ ያብረቀርቃል። ሁሉም ደህና ከሆነ አላይመንት አስደርግ። ሰፊ ጎማ ትንሿን መዛባት እንኳ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ነው የሚነግርህ።

ከድሮዎቹ ባለ 16 ጎማዎች አንዱን ከነቸርኬው ለስኮርታ አስቀር። ቁመቱ ከአዲሱ 225/45 አር 17 ጋር በ2.4 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚለይ እስከ ጎሚስታው ያደርስሃል። የድሮዎቹን ዳዶዎችም ሻንጣ ውስጥ ጣላቸው፣ የአዲሱ ዳዶ ለድሮው ቸርኬ ላይሆን ይችላል።

መጨረሻ ላይ ሐይቅ ደርሰህ ተመለስ። ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቸርኬው እስኪበርድ ሻይህን ጠጣና ሃያዎቹንም ዳዶዎች በቶርክ ቁልፍ እንደገና ፈትሽ።